ለስፓኒሽ ሲ1 ፈተና አስጠኚ ፍለጋ፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ ሆኖ

ስፓኒሽ የሚናገር ሰው ማግኘትና ለዴሌ ሲ1 (ዴሌ የስፓኒሽ የዲፕሎማ ፈተና ነው፣ ሲ1 ከፍ ያለ ደረጃው) የሚያዘጋጅ አስጠኚ ማግኘት ለየቅል ናቸው። የመጀመሪያው ደሴ ላይ ከሚታሰበው በላይ አለ። ሁለተኛው ግን ተፈልጎና ተፈትኖ ነው የሚገኘው። ሁለቱን አንድ አድርጎ ያየ ሰው ስድስት ወር ሙሉ ደስ የሚል ጨዋታ ሲጫወት ይከርምና ጽሑፉ ላይ ይወድቃል።

አስጠኚ ከመፈለጋችሁ በፊት ፈተናውን እወቁት። ዴሌን የሚሰጠው የስፔን መንግሥት የቋንቋ ተቋም፣ ኢንስቲቱቶ ሴርቫንቴስ ነው፤ ዲፕሎማው ጊዜ አያልፍበትም። ሲ1 አራት ክፍል አለው። ንባብና የቋንቋ አጠቃቀም 90 ደቂቃና 40 ጥያቄ፣ ማዳመጥ 50 ደቂቃና 30 ጥያቄ፣ ጽሑፍ 80 ደቂቃና ሁለት ሥራ፣ ንግግር ደግሞ 20 ደቂቃ ዝግጅትና 20 ደቂቃ ከፈታኝ ጋር። እያንዳንዱ ክፍል ከ25 ይታረማል፤ ማለፍና መውደቅ የሚወሰነው ግን በጥንድ ነው። ንባብ ከጽሑፍ ጋር ከ50፣ ማዳመጥ ከንግግር ጋር ከ50፤ ከሁለቱም ጥንድ ቢያንስ 30 ያስፈልጋል። በአንዱ 45፣ በሌላው 29 ያመጣ ሰው ወድቋል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ወጪ የአስጠኚ ሳይሆን የኮፒ ቤት ይሁን። የሲ1 ናሙና ፈተና ከነድምፁ ኢንስቲቱቶው ድረ ገጽ ላይ በነፃ አለ። ድምፁን ቀድማችሁ አውርዱ፣ ወረቀቱን አሳትሙና አንድ እሑድ ጠዋት ሰዓት ይዛችሁ፣ ያለ መዝገበ ቃላት፣ ድምፁን ሳታቆሙ ሥሩት። ለግምት ያህል ከንባቡ 40 ጥያቄ 24 ትክክል ማለት ወደ 15 ነጥብ፣ ለጥንዱ ከሚያስፈልገው ግማሹ ነው፤ ከማዳመጡ 30 ደግሞ 18 ትክክል። ንባብ ላይ 32 ካገኛችሁ ለንባብ አስጠኚ አትክፈሉ፤ ራሳችሁ ትጨርሱታላችሁ። ገንዘብ የሚወጣበት፣ ሰው ካላየው የማይታረመው ጽሑፍና ንግግር ነው።

አሁን ወደ ሰዎቹ። ከሶማሊያው ጦርነት በኋላ በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች ኩባ ሄደው፣ ብዙዎቹም ኢስላ ዴ ላ ሁቬንቱድ በተባለችው ደሴት ተምረዋል። ተመልሰው በየከተማው ሐኪም፣ መሐንዲስ፣ መምህር ሆነዋል፤ ዛሬ ጋሼና እትዬ የሚባሉ ናቸው። ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ውስጥ “ኩባ የተማረ ታውቃላችሁ?” ብሎ ጤና ጣቢያ፣ ትምህርት ቤትና ግብርና ቢሮ መጠየቅ ከየትኛውም ማስታወቂያ የተሻለ መንገድ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ያገኘ ለንግግርና ለማዳመጥ ሀብት አግኝቷል፤ ቋንቋውን በልጅነታቸው የኖሩት ናቸውና።

ግን ሦስት ነገር አስቀድማችሁ እወቁ። አንደኛ፣ የኩባ አነጋገር የቃል መጨረሻ “ስ”ን ይውጣል፤ “ሎስ አሚጎስ” ጆሮ ላይ “ሎህ አሚጎህ” ሆኖ ይደርሳል። ይህ ጥፋት አይደለም፤ ፈተናው የስፔንንም የላቲን አሜሪካንም አነጋገር ይቀበላል፣ የማዳመጡ ድምፅም ከሁለቱም ይመጣል። ጆሯችሁ በኩባ ብቻ ከተሳለ ግን የማድሪዱ ፈጣን ቃለ መጠይቅ ያደናግራችኋል። ሁለተኛ፣ የሰው መጥሪያ ቃላት። እዚያ “ኮምፓኜሮ” (ጓድ) ብሎ መጥራት የተለመደ ነበር፤ የዴሌ መደበኛ ደብዳቤ ግን “ኤስቲማዶ ሴኞር” (ክቡር አቶ) ብሎ ነው የሚጀምረው። “ኬ ቱ ኪዬሬስ” (ምን ትፈልጋለህ) የሚለው የቃላት አቀማመጥም ለወሬ ያምራል፣ ለድርሰት አይሆንም። ሦስተኛውና ከባዱ ይሉኝታ ነው። ታላቅ ሰው ናቸውና ዋጋ አይጠሩም፣ ተማሪው እንዳያፍርም ስሕተት ያልፋሉ። በመጀመሪያው ቀን በግልጽ “አይዘኑልኝ፣ በየመሐሉ ያርሙኝ” በሏቸው፤ የሰዓቱንም ክፍያ ያኔውኑ ተነጋገሩ። እርማት የሌለበት ወዳጅነት ለፈተና አይበቃም።

ስለዚህ ለብዙ ሰው የሚሠራው ሁለት ሰው መያዝ ነው፦ ለንግግር በአካል የሚገኝ፣ ለጽሑፍ ደግሞ የዴሌን አስተራረም የሚያውቅ የኢንተርኔት አስጠኚ። እንደ አይቶኪና ፕሬፕሊ ባሉት ላይ ብዙ ስም አለ፤ “ለዴሌ አዘጋጃለሁ” የሚል ጽሑፍ ግን ማንም መለጠፍ ይችላል። ጠይቁ፦ ጽሑፍ በስንት መመዘኛ ነው የሚታረመው? የሚያውቅ ሰው ሳያቅማማ አራት ይላችኋል፦ ከጽሑፉ ዓይነት ጋር መስማማት፣ ትስስር፣ የሰዋስው ትክክለኛነት፣ የቃላትና የአገላለጽ ስፋት። እነዚህን የማያውቅ አስጠኚ ሰዋስዉን ብቻ ያርማል፤ የቀሩት ሦስቱ ሳይነኩ ይቀራሉ።

ከዚያ የሙከራውን ሰዓት ለትውውቅ አታባክኑት። አንድ የራሳችሁን መደበኛ ደብዳቤ ላኩ፤ ውስጡም ይህችን ዓረፍተ ነገር አስገቡ፦ “ኤስፔሮ ኬ ሜ ሬስፖንዴስ ፕሮንቶ”፣ ቶሎ እንዲመልሱልኝ ተስፋ አደርጋለሁ ለማለት። በአንዲት ግሥ ሁለት ስሕተት አለ። አንደኛው ከ“ኤስፔሮ ኬ” በኋላ ሱብሁንቲቮ፣ ማለት ምኞትና ጥርጣሬ የሚገለጽበት የግሥ መልክ፣ መምጣት ነበረበት፤ ሁለተኛው ደብዳቤው “ኡስቴድ” (እርስዎ) እያለ ሄዶ እዚህ ላይ ወደ “ቱ” (አንተ) ወርዷል። “ሬስፖንዳስ” ብሎ ያረመ ሰው ግማሹን ነው ያየው። “ሬስፖንዳ” ብሎ፣ ለምን እንደሆነም በሁለት መስመር የጻፈላችሁን ያዙት። ወሎ ውስጥ አንቱ ብለን ጀምረን አንተ ብለን ብንጨርስ ሰሚው ምን እንደሚሰማው እናውቃለን፤ የስፓኒሹ አራሚም እንደዚያው ነው የሚሰማው።

አማርኛ ተናጋሪን የሚጥሉት ስሕተቶች ከሌላው ተማሪ ይለያሉ፤ የውጭ አስጠኚ ደግሞ ከየት እንደመጡ አይገባውም። እናንተ ንገሩት። ትልቁ የሌላን ሰው ንግግር መዘገብ ነው። እኛ “እመጣለሁ አለ” እንላለን፤ የተናጋሪው “እኔ” እንዳለ ይቀመጣል። ስፓኒሽ ግን ሰውዬውንም ጊዜውንም ያዞራል፦ “ዲሆ ኬ ቬንድሪያ”፣ እንደሚመጣ ተናገረ እንደማለት። በአማርኛው መንገድ “ዲሆ ኬ ቬንጎ” ብትሉ፣ የምትመጡት እናንተ ራሳችሁ ትሆናላችሁ። ሲ1 ላይ ይህ ቀላል ጥፋት አይደለም፤ የጽሑፉ የመጀመሪያ ሥራ የሰማችሁትን ንግግር አሳጥሮ መዘገብና አስተያየት መስጠት ነው፣ የንግግሩም ክፍል የመጀመሪያ ሥራ ያነበባችሁትን ማቅረብ። በሳምንት አንድ ጊዜ አንድ የአማርኛ ዜና ወስዳችሁ አሥር “አለ” የሚሉ ዓረፍተ ነገሮችን ወደ ስፓኒሽ አዙሩ። ሌላው የግዑዝ ነገር ጾታ ነው፤ “ላ ማኖ” (እጅ)፣ “ኤል ፕሮብሌማ” (ችግር) የመሳሰሉት ከነቅጽላቸው ካልተጠኑ በድርሰቱ መሐል ይሾልካሉ።

አነባበብ ላይ ግን ዕድለኞች ነን። የስፓኒሹ “ኝ” እኛም አለን። “ፔሮ” እና “ፔርሮ”ን ለመለየት የሚቸገሩ ብዙ ናቸው፤ እኛ “መረረ” ስንል የመጀመሪያው ረ ይጠብቃል፣ ሁለተኛው ይላላል። ልዩነቱ ያው ነው፤ የጠበቀው ውሻው ነው፣ የላላው “ግን” የሚለው። ለዚህ የአስጠኚ ሰዓት አታጥፉ።

ሰዓት ሲባል፣ ቀጠሮ ላይ የሚበላሸው ብዙ ነው። ቀጠሮ በጻፋችሁ ቁጥር “15:00 የአዲስ አበባ ሰዓት” በሉ እንጂ ዘጠኝ ሰዓት ብላችሁ 9 አትጻፉ። የስፔን አስጠኚ በክረምታቸው ከእኛ 2 ሰዓት ወደ ኋላ ነው፣ በበጋቸው 1 ሰዓት፤ ሰዓታቸውን በመጋቢትና በጥቅምት (በፈረንጆቹ ማርችና ኦክቶበር) የመጨረሻ እሑድ ያዞራሉ፣ እኛ አናዞርም። በክረምት በነሱ 17:00 ላይ የነበረ ትምህርት ለእኛ ማታ 1 ሰዓት ነው፤ ከማርች መጨረሻ በኋላ ያው ትምህርት 12 ሰዓት ላይ ይመጣል። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውሎ ደሴ የሚገባ ሰው በዚያ ሰዓት ሐረጎን ሲወጣ ሚኒባስ ውስጥ ነው። የኮሎምቢያ አስጠኚ ሰዓቱን ስለማያዞር ይመቻል፦ በሱ ጠዋት 7:00 ለእኛ ሁልጊዜ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው፣ ቅዳሜና እሑድ ይሆናል። መብራት ሊጠፋ ይችላልና ጽሑፉም ድምፁም ቀድሞ ስልክ ላይ ይውረድ፤ ምስል ዘግቶ በድምፅ ብቻ መማር ጽሑፍ ሲታረም ምንም አያጎድልም።

ክፍያውን በተመለከተ፣ ለውጭ ድረ ገጽ የሚከፍል ካርድ ለማግኘት ባንካችሁን ከምዝገባ በፊት ጠይቁ፤ የፈተናውም ምዝገባ ይህን ይፈልግ ይሆናል። ፈተናው ደሴም ኮምቦልቻም አይሰጥም፤ ማዕከልና ቀን ከኢንስቲቱቶው ዝርዝር ላይ ታረጋግጣላችሁ። ሲ1 በየዙሩ ላይኖር ይችላል፣ ምዝገባውም ከፈተናው ሳምንታት ቀድሞ ይዘጋል። ቀኑን ሳይይዙ አስጠኚ መቅጠር ገንዘብ ማፍሰስ ነው።

ቀኑ ከታወቀ 14 ሳምንት ይበቃል፣ ከሲ1 በታች ያለው ደረጃ፣ ቢ2ው፣ የጸና ከሆነ። በሳምንት አንድ የጽሑፍ ሰዓት፣ አንድ የንግግር ሰዓት። ጽሑፉን በእጅ ጻፉ፤ ስልክ የአነባበብ ምልክቱን ራሱ እያስገባ ያታልላል። ፎቶ አንስታችሁ ከትምህርቱ ሁለት ቀን በፊት ላኩ፣ ሰዓቱ በንባብ እንዳያልቅ። የመጀመሪያው ሥራ ከ220 እስከ 250 ቃል፣ ሁለተኛው ከ180 እስከ 220 ቃል ነው። 80ውን ደቂቃ እንዲህ መክፈል ይሠራል፦ ድምፁን ሁለቴ መስማትና ማስታወሻ 10፣ የመጀመሪያው 35፣ ሁለተኛው 25፣ መፈተሽ 10። መፈተሻዋን የሚሰዋ ሰው ብዙ ነው፤ ጾታና ቁጥር የሚታረሙት ግን በዚያች 10 ደቂቃ ነው።

ደብተር ያዙ፣ ሦስት ዓምድ ያለው፦ የጻፍኩት፣ ትክክሉ፣ ምክንያቱ። አንድ ዓይነት ስሕተት ሦስተኛ ጊዜ ከገባ የሚቀጥለውን ትምህርት በሙሉ ለሱ ስጡ። ስድስት ሳምንት አልፎ ያው ስሕተት እየተመዘገበ ከሆነ ችግሩ ከአስጠኚው የእርማት ዘዴ ነው፤ እሱ የሚያርመውን እናንተ ራሳችሁ መልሳችሁ እንድትጽፉት ጠይቁት፣ እምቢ ካለ ቀይሩት።

የንግግሩን ሦስተኛ ሥራ ለብቻው ተለማመዱት። ምስሎች ይሰጣችሁና ከፈታኙ ጋር ተከራክራችሁ አንዱ ላይ መስማማት ነው፤ ከ4 እስከ 6 ደቂቃ። እዚህ የሚጥለን ጨዋነታችን ነው፦ ፈታኙ አንድ ሐሳብ ሲያነሳ “እሺ፣ ልክ ነህ” ብለን በሁለት ደቂቃ እንጨርሰዋለን፤ ቋንቋችንም ሳይታይ ይቀራል። ጋሼን ወይም እትዬን ሆን ብለው እንዲቃወሟችሁ ለምኗቸው፣ እናንተም ቢያንስ ሁለት ጊዜ ሳትቃወሙ አትስማሙ። ስልክ ላይ ቅዱት፤ ስትሰሙት የእናንተ ድምፅ ከግማሽ በታች ከሆነ እንደገና ጀምሩት።