የቦዊን የበርሊን አልበሞች ለመልመድ

በስደት ያለን የሮክ ወዳጆች ተገናኝተን የእንግሊዛዊው ዘፋኝ የዴቪድ ቦዊ ነገር ከተነሣ «የበርሊኑ አልጥም አለኝ» የሚል አይጠፋም። ቅሬታው ከመሬት የተነሣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1972 ዚጊ ስታርደስት የተባለውን የፈጠራ ገጸ ባሕርይ ሆኖ በጊታር ጩኸት መድረክ ያናወጠው ሰው፣ በጥር 1977 «ሎው»ን ሲያወጣ የሸክላው ሁለተኛ ገጽ አራት ዘፈኖች ግጥም አላቸው ለማለት እንኳ ያስቸግራሉ። ግራ የተጋባ አድናቂ አይፈረድበትም። መግቢያውን ካወቁት ግን እነዚህ በበርሊን ዘመኑ ያወጣቸው አልበሞች የቦዊ ምርጥ ሥራዎች ናቸው ብዬ እሟገታለሁ።

መግቢያው ድራምና ቤዝ ነው። ዴኒስ ዴቪስ በድራም፣ ጆርጅ መሬይ በቤዝ፣ ካርሎስ አሎማር በጊታር፤ ከ1976ቱ «ስቴሽን ቱ ስቴሽን» እስከ 1980ው «ስኬሪ ሞንስተርስ» ድረስ መሠረቱን የያዙት እነዚሁ ሦስት ሰዎች ናቸው። የተለወጠው ከላያቸው ያለው ነው። ጆሮውን በኤሌክትሪክ ድምፅ በሚፈጥረው ሲንተሳይዘር ላይ ብቻ የጣለ ሰው ሌላ ባንድ የሚሰማ ይመስለዋል። በስልክ ድምፅ ማጉያ የሚያዳምጥም እንዲሁ፤ ቤዙ ስለማይሰማው የቀረለት ቀዝቃዛው ክፍል ብቻ ነው። ደህና ሄድፎን ያስፈልጋል።

በ«ስቴሽን ቱ ስቴሽን» መጠሪያ ዘፈን ጀምሩ። ከአሥር ደቂቃ በላይ ነው፤ በባቡር ድምፅ ተነሥቶ በዝግታ ይጓዝና መሃል ላይ ወደ ጭፈራ ይገባል። ከዚያ የ«ሎው» የመጀመሪያ ገጽ። «ሳውንድ ኤንድ ቪዥን» ላይ የቦዊ ድምፅ ከአንድ ደቂቃ ተኩል ገደማ በኋላ ነው የሚመጣው፤ ቸኩሎ የሚያሳልፍ ሰው ዘፈኑን ሳይሰማው ያልፋል። ሁለተኛውን ገጽ ለሌላ ቀን አቆዩት፤ አልበሙን አዘበራርቆ መስማት ደግሞ ጨርሶ ያበላሸዋል።

በ«ሎው» የድራሙን ምት ልብ በሉ። ፕሮዲውሰሩ ቶኒ ቪስኮንቲ ስኔር የሚባለውን የድራም ክፍል ድምፅ ሃርሞናይዘር በሚባል መሣሪያ ውስጥ አሳልፎ፣ እያንዳንዱ ምት እየከሰመ ሲሄድ ወደ ታች እንዲወርድ አድርጎታል። በዚያው በ1977 በወጣው «ሂሮስ» ደግሞ ለቦዊ ድምፅ ሦስት ማይክሮፎን ተክሏል፦ አንዱ አፉ ሥር፣ ሁለተኛው ስድስት ሜትር ያህል ርቆ፣ ሦስተኛው አሥራ አምስት ሜትር ገደማ። የራቁት ሁለቱ የሚከፈቱት ቦዊ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ብቻ ነው። መጨረሻ ላይ የሚጮኸው እነሱን ለመክፈት ጭምር ነው፤ የአዳራሹ ስፋት አብሮት ሲገባ በጆሮ ይታወቃል።

ለእኛ ለስደተኞቹ ግን በ«ሂሮስ» አልበም ያለው «ኖይኮልን» የተባለው ዘፈን ይለያል። ቦዊ በ1976 ወደ ምዕራብ በርሊን ገብቶ ሾነበርግ በተባለው ሰፈር ነበር የሚኖረው። ኖይኮልን ከቱርክ ለሥራ የመጡ ብዙ ሰዎች የሰፈሩበት ሌላ የከተማዋ ክፍል ነው። በዚህ ዘፈን ግጥም የለም፤ ሳክስፎኑን የሚነፋው ራሱ ቦዊ ነው፣ ዜማውም ወደ ምሥራቅ ያዘነብላል። ከሥሩ የሚደግፈው ድራም ስለሌለ ሳክስፎኑ የሚያርፍበት ያጣል፤ እየጮኸ ይሄድና መጨረሻው ላይ ብቻውን ይቀራል። ሰው አገር የከረመ ጆሮ ይህን ለመረዳት ግጥም አያሻውም። የዚጊ ጊታር ይህን ሊናገር ይችል ነበር ብዬ አላምንም።

የድሮውን መተው ለከበደው ሰው «ስቴጅ» የተባለው የ1978 የመድረክ ቅጂ አለ። በዚያ ጉዞ ቦዊ ዝግጅቱን የሚከፍተው ከ«ሎው» በተወሰደው ዝግተኛ «ዋርሻዋ» ሲሆን፣ የዚጊን ዘፈኖች ያመጣቸው ከእረፍት በኋላ ነበር። ስትገዙ ግን የ2005ቱን እትም ፈልጉ። የመጀመሪያው እትም ዘፈኖቹን በወጡበት ዘመን ቅደም ተከተል ስለደረደራቸው አሮጌው ከፊት መጥቶ ነገሩ ተገልብጧል፤ የ2005ቱ በመድረኩ ቅደም ተከተል መልሷቸዋል።