ገጽ 217

«መምህር፣ ትኩሳቱ ወረደላት?»

ይህን የጠየቁኝ ልጄን በዐይናቸው አይተዋት የማያውቁ ሰው ናቸው። ሐምሌ 2008 ዓ.ም. ነው። ዝናቡ ሲወቅጠኝ መጥቼ፣ ጃንጥላዬን በር ላይ አቁሜ፣ ሦስተኛው መጽሐፌ የት እንደ ደረሰ ልጠይቅ ወደ ማተሚያ ቤቱ መግባቴ ነበር። ሰውየው የኅትመት ክፍሉ ኃላፊ ናቸው፤ ትልቁም ትንሹም «ጋሼ» ነው የሚላቸው።

«የማን ትኩሳት?» አልኩ።

«የትንሿ ነዋ! ሠላሳ ዘጠኝ ገብቶ አልነበር እንዴ?»

ትንሿ ልጄ እውነትም ታማ ነበር፤ ግን ያለፈው ኅዳር። ስምንት ወር ያለፈውን ትኩሳት ማን ነገራቸው? መልስ ሳይሰጡኝ ክንዴን ይዘው ወደ ውስጥ ወሰዱኝና ከተቆለለው ወረቀት አንዱን አንስተው ጠረጴዛ ላይ ዘረጉልኝ።

ያልታጠፈ የመጽሐፍ ወረቀት ላላየ ሰው ነገሩ ግራ ያጋባል። አንዱ ወረቀት የገበታ ጨርቅ ያክላል። በአንድ ፊቱ ስምንት ገጽ፣ በሌላው ስምንት ገጽ ይታተምበታል፤ ሦስት ጊዜ ሲታጠፍ አሥራ ስድስት ገጽ ይሆናል። ሳይታጠፍ ካዩት ግማሹ ገጽ ቀጥ ብሎ፣ ግማሹ በአናቱ ተተክሎ ነው የሚገኘው። የእኔ መጽሐፍ 272 ገጽ ስለሆነ እንዲህ ያለ አሥራ ሰባት ወረቀት ይፈጃል። ጋሼ የዘረጉልኝ አሥራ አራተኛው ነበር፤ ከገጽ 209 እስከ 224 ያለው። ጣታቸውን 217 ላይ አሳረፉ። መጽሐፉ በክር የሚሰፋ ቢሆን ኖሮ ክሩ ብቅ የሚለው በእሱና በ216 መካከል ነበር፤ ከዚያ የበለጠ መሃል የለም።

እንዲህ ይላል፦

«ባቡሩ አዋሽ ላይ ቆመ። ትኬት ቆራጩ ፋኖሱን ከፍ አድርጎ ወደ ሦስተኛው ፉርጎ ተመለከተ። ትንሿ ሌሊቱን ትኩሳቷ 39 ገባ፤ በእርጥብ ጨርቅ ስናብሳት አደርን። የእድር 50 ብር እስከ እሑድ። የእማዬ የዐይን ቀጠሮ ማክሰኞ፤ ሳትበላ እንዳትሄድ። የመብራት ቆጣሪው አራት ቀን ሙሉ አልዞረም። እሷ ትናንት አኩርፋ ተኛች። ልክ ናት። ጎህ ሲቀድ ወረደላት። ሴትየዋ ግን ከፉርጎው አልወረደችም።»

ጉልበቴ ከዳኝ። ጋሼ በርጩማ ሳቡልኝ።

እንዴት እንደ ሆነ ለማስረዳት የእኔን መሥሪያ ቤት ማሳየት አለብኝ። ቀን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ፤ ልብ ወለዱን የምጽፈው ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ጀምሮ፣ ቤተሰቡ ሳይነሣ፣ በምግብ ጠረጴዛችን ላይ ነው። የምጽፈው በደብተር ነው። የቀኙ ገጽ የልብ ወለዱ፣ የግራው ገጽ የቤቱ ነው። በዚያ ሰዓት የቤት ጉዳይ ሁሉ ጭንቅላቴ ውስጥ ይሰለፋል፤ የማን ቀጠሮ፣ የማን ልደት፣ የትኛው ዕዳ። ግራው ላይ ካላራገፍኩት ቀኙ አይንቀሳቀስም። ኅዳር ላይ፣ ልጅቱ ስታተኩስ ባደረችበት ሌሊት፣ እንቅልፍ አጥቼ የግራና የቀኙን ሥርዓት ረሳሁና ሁሉንም በአንድ ገጽ አከታትዬ ጻፍኩት ማለት ነው። እኔ አላስታውሰውም። ደብተሩ ግን ይመሰክርብኛል፤ በዚያው ቀለም፣ በዚያው እጅ፣ መስመር እንኳ ሳልዘል።

ደብተሩን ኮምፒውተር ላይ የጻፈችልኝን ልጅ መውቀስ አልችልም። በሁለተኛው መጽሐፌ ጊዜ ሌላ ጸሐፊ ነበረኝ፤ «ማስተካከል» የሚወድ። አንዲት አሮጊት ገጸ ባሕርይ «እሜቴ» ባለች ቁጥር «ወይዘሮ» እያደረገ ጽፎብኝ፣ ሳርም ዐይኔ ሊጠፋ ነበር። በዚያ ስለተቃጠልኩ ይቺኛዋን ገና ደብተሩን ሳልሰጣት አስጠነቀቅኋት፤ «ያለውን ሁሉ እንዳለ ጻፊ። አንዲት ቃል እንዳትነኪ።» አልነካችም። በኋላ ስጠይቃት ምን አለችኝ? «ይቺ ቦታ ደስ ብላኝ ነበር መምህር፤ ትኩሳቱ ወረደላት፣ ሴትየዋ አልወረደችም፤ ቅኔ መስሎኝ።» እኔ የቅኔ ቤት ደጃፍ እንኳ አልረገጥኩም! ሰምና ወርቁን ያገናኘው እንቅልፍ ማጣት ነው።

አራሚዎችስ? ሦስት ነበርን፤ እኔ፣ አብሮኝ የሚያስተምር ወዳጄ፣ እና ባለቤቴ። የማረሚያው ገጾች የደረሱን ግንቦት ላይ፣ እማዬ ወረፋዋ ደርሶ የዐይኗን ሞራ በተገፈፈች ሳምንት ነው። እኔ በሆስፒታል ኮሪደር አግዳሚ ወንበር ላይ የመጀመሪያዎቹን ምዕራፎች አረምኩ። ወዳጄ የመጨረሻዎቹን ወሰደ። መሃሉ የባለቤቴ ድርሻ ሆነ።

ጋሼ ነገሩን ያወቁት ደግሞ ማንም እንዲያነቡት ሳይጠይቃቸው ነው። በወጣትነታቸው ፊደል ለቃሚ ነበሩ። የዛሬ ልጆች ፊደል ለቀማን አያውቁትም፤ የእርሳስ ፊደል እያንዳንዷ በየሳጥኗ ተቀምጣ በእጅ የምትለቀምበት ዘመን ነው። ሠላሳ ሦስቱ ፊደል በሰባት ቤት 231 ይሆናል፤ ዲቃሎቹ ሳይቆጠሩ፣ ቁጥርና አራት ነጥብ ሳይጨመሩ። ለቃሚው ቃሉን የሚያየው በግልባጭ ነበርና ጋሼ እስከ ዛሬ በአናቱ የተተከለውን ገጽ ከቀጥታው እኩል ያነቡታል። የሚደርቀውን ወረቀት ለቀለሙ ሲፈትሹ ዐይናቸው 217 ላይ ወደቀ። «ስለ ባቡር አነባለሁ ስል ስለ እድር ሆነብኝ፤ የእኛም እድር ሃምሳ ብር ነው» አሉኝ።

ቀልዱ ግን ብዙ አልቆየም። 3000 ቅጂ ነው የታተመው። አሥራ ሰባቱም ወረቀት አልቋል፤ የቀረው ማጠፍና ሽፋን መለጠፍ ብቻ ነው። ጋሼ ምርጫዎቹን ቆጠሩልኝ። አንደኛው የእርማት ቁራጭ ወረቀት አሳትሞ በየመጽሐፉ ውስጥ መክተት ነው፤ «ገጽ 217፣ ከመስመር 6 እስከ 14 ያለው ይሰረዝ» የሚል። ይህን ያደረገ ሰው ግን አንባቢውን ሁሉ በቀጥታ ወደ 217 እየመራ ነው። ሁለተኛው እንዳለ መተው። ሦስተኛው አሥራ አራተኛውን ወረቀት ብቻ እንደገና ማተም፤ ወጪው የእኔ ሆኖ። ሲያሰሉልኝ የአንድ ወር ተኩል ደመወዜ ሆነ።

«ልደርበትና ልንገርዎ» ብዬ ወጣሁ።

ቤት ስደርስ ባለቤቴ ሽንኩርት ታቁላላለች። ካፖርቴን ሳላወልቅ ጠየቅኋት።

«217ን አላየሽውም?»

«አይቼዋለሁ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

ማማሰያውን አላቆመችም። «ትኬት ቆራጩ ባቡሩ ላይ ሆኖ ቤቱ ትዝ ያለው መስሎኝ ነዋ።»

«ትኬት ቆራጩ እኮ የሚኖረው በ1950ዎቹ ነው! የምን የእማዬ ዐይን፣ የምን የመብራት ቆጣሪ?»

«እሱስ ገርሞኛል» አለች። ትንሽ ቆየችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «‹ልክ ናት› ይላል። ከነገርኩህ ትሰርዘዋለህ ብዬ ነው» አለችኝ።

በምን እንደ ተጣላን ዛሬም አላስታውስም፤ እሷ ታስታውስ ይሆናል። እኔ የማውቀው ልክ መሆኗን ለደብተሩ እንጂ ለእሷ አለመናገሬን ነው። በአሥራ ሁለት ዓመት ትዳራችን ሁለት መጽሐፍ አሳትሜ መታሰቢያነቱን አንዱን ለአባቴ፣ አንዱን ለመምህሬ ሰጥቼ ነበር። ይህን የምትቆጥር አይመስለኝም ነበር።

በማግስቱ ወደ ጋሼ ስሄድ ወረቀቱን ለማሳተም ወስኜ ነበር፤ ምን እንደማደርግበት ግን ገና አልጠራልኝም። መንገድ ላይ አንድ ነገር ሲከነክነኝ ነበር። ወዳጄ ረቂቁን ሲያነብ «ይህ ሰውዬ ቤት የለውም እንዴ?» ብሎኝ ነበር። ድሬዳዋ ይሠራል፣ አዋሽ ያድራል፣ ሴት ያፈቅራል፤ የሚመለስበት ግን የለውም። እኔ ተቆጥቼ ብቸኝነቱ ሆነ ተብሎ የተደረገ መሆኑን አስረዳሁት። ሰው የሠራውን ሲነኩበት ሁሉ «ሆን ብዬ ነው» ይላል። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተሙትን ድርሰት «ልብ ወለድ ታሪክ» ብለው ስለሰየሙት ሙያችን እስከ ዛሬ ስሙ ልብ ወለድ ነው፤ ልብ የወለደው። የእኔ ትኬት ቆራጭ ግን ልብ ወልዶት ቤት ያላሳደገው ልጅ ነበር።

ዋናው ችግር ቦታው ነው። ገጽ 218 የሚጀምረው በአንድ ዓረፍተ ነገር መሃል ነው፤ ከ225 ጀምሮ ያለውም ታትሞ ተቀምጧል። ስለዚህ ዘጠኝ መስመር ካወጣሁ የምተካው ዘጠኝ መስመር ብቻ ነው። ስምንት ተኩል የለም፣ አሥር የለም። ገጽ አቀናባሪው ወጣት ከኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጧል፣ እኔ ከጀርባው ቆሜያለሁ፣ ማሽኑ እየተጠበቀ ነው። አሥር ሰዓት ሳይሞላ ማተም አለባቸው። ለአንድ ዓረፍተ ነገር ሦስት ሌሊት የምፈጅ ሰው አንድ ሰዓት ተሰጠኝ።

እድሩን አወጣሁ። ቆጣሪውን አወጣሁ። የእማዬን ዐይን ሳወጣ እጄ ትንሽ ሳሳ። ትኩሳቱን ግን ድሬዳዋ ወሰድኩት፤ ለትኬት ቆራጩ የአራት ዓመት ልጅ ሰጠሁት፣ በእርጥብ ጨርቅ የሚያብስ እጅ ሰጠሁት፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ የተኛች ሚስት ሰጠሁት። ወጣቱ እየጻፈ መስመር ይቆጥራል።

«ስምንት ነው መምህር። አንድ መስመር ይቀርዎታል።»

ምንም አልመጣልኝም። ቃል ልጨምር ብል ዓረፍተ ነገሩ ይንዘላዘላል። ሰዓቱን አየሁ። «‹ልክ ናት›ን ከላይኛው መስመር አውርደህ ለብቻዋ አስቀምጣት» አልኩት። አወረዳት። ዘጠኝ ሞላ።

መጽሐፉን ካነበቡት ሰዎች ውስጥ ስለ 217 የሚያነሡብኝ ይበዛሉ፤ በተለይ ሁለቷ ቃላት ብቻቸውን መቆማቸው ስልት እንደ ሆነ የሚያስረዱኝ አሉ። አንድ ተማሪዬ ባዶውን ቦታ ዝምታ ነው ብሎ ድርሰት ጽፎበታል። ጥሩ ውጤት ሰጠሁት። ማሽኑ እየተጠበቀ እንደ ነበር አልነገርኩትም።

ከዚያ ወዲህ ለቤት ጉዳይ ለብቻው ደብተር ገዛሁ። አልሠራም፤ ከሦስተኛው ገጽ አልዘለለም። አሁን ወደ አንዱ ደብተር ተመልሼያለሁ፤ የቤቱን በቀይ እስክሪብቶ እጽፍና ዙሪያውን አጥር አጥርለታለሁ። ለጸሐፊዋ የምሰጣት ትእዛዝም ተለውጧል፦ ግራ የገባሽ ቦታ ላይ የጥያቄ ምልክት አድርጊበት። በቅርቡ አርባ ሰባት የጥያቄ ምልክት ይዛ መጣች፤ ሠላሳው ልክ ነበር።

የተበላሸው 3000 ወረቀት ምን እንደ ሆነ አልጠየቅኩም ነበር። ጥር ላይ ትንሿ ልጄ ከሰፈራችን ጥግ ቆሎ ገዝታ ገባች። ቆሎውን ሳህን ላይ ገልብጣ ወረቀቱን ዘረጋችና ፊደል እየቆጠረች ማንበብ ጀመረች፤ «የ-መብ-ራት ቆ-ጣ-ሪው…» እኔ ከወንበሬ ብድግ ስል ባለቤቴ እጄን ይዛ አስቀመጠችኝ።

እማዬ ጥግ ላይ ጥጥ እየፈተለች ነበር። በ1971 ዓ.ም. በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው ፊደል የቆጠረችው፤ ሞራው ዐይኗን ከጋረደው በኋላ ግን ማንበብ ትታ ነበር። እንዝርቷን አስቀምጣ «እስቲ አምጪው» አለች። ወረቀቱን አንዴ አራቀችው፣ አንዴ አቀረበችው። ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ ወረደችበት፣ አንድ ቦታ ስትደርስ ቆመች።

«ይቺ ደግሞ የማን እናት ናት፣ ለዐይኗ ሳትበላ እንዳትሄድ የሚሳሱላት?»