መኪና ሲጠፋ ኦዞን ጨመረ

አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. ኅዳር ላይ «መንገድ ለሰው» ብላ ከጀመረቻቸው መኪና አልባ እሑዶች አንዱ ነበር። ሰኞ ጠዋት የመንገድ ዳሩ የአየር ብክለት መለኪያ ጣቢያ መረጃ ሲወርድ ከመኪና ጭስ የሚወጣው ናይትሪክ ኦክሳይድ ቀንሷል፣ ጥቀርሻውም ቀንሷል፤ ኦዞኑ ግን ከዓርቡ ጠዋት በግልጽ በልጧል። ኃላፊው ግራፉን አንዴ አይተው «ይሄ ተበላሽቷል፤ አስተካክላችሁ አምጡልኝ» አሉ።

አስተካክሉ ያሉት መሣሪያውን ይሁን ቁጥሩን አልገለጹም። እኛ መሣሪያውን ያዝን።

ኦዞን አናላይዘር አየሩ የሚውጠውን ብርሃን ኦዞኑ ከወጣለት አየር ጋር እያነጻጸረ ኦዞንን የሚለካ መሣሪያ ነው፤ ሲሳሳት አብዛኛውን ጊዜ የሚሳሳተው ወደ ታች ነው። የመግቢያው ማጣሪያ አቧራ ከለበሰ ኦዞኑ እዚያው ያልቃል። አንዱ ቸኩሎ በቴፍሎን ቱቦ ፋንታ የጎማ ቱቦ ከቀጠለም ጎማው ይጨርሰዋል። ከማነጻጸሪያው አየር ኦዞኑን የሚያወጣው ስክረበር ካረጀ ደግሞ ማነጻጸሪያው አየር ራሱ ኦዞን ይዞ ያልፍና ልዩነቱ ይጠባል። ወደ ላይ የሚገፉት ጥቂት ናቸው፦ እንደ ኦዞኑ መሣሪያው የሚለካበትን የ254 ናኖሜትር አልትራቫዮሌት ብርሃን የሚውጡት የሜርኩሪ ትነትና አንዳንድ የነዳጅ ሃይድሮካርቦኖች። የነዳጁ ነገር ሚኒባሱ ሲርመሰመስ እንጂ መንገዱ ባዶ ሲሆን አይብስም። የግፊት ሴንሰሩስ? ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆንን የአየሩ ግፊት የባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ገደማ ነው፤ እርማቱ ካልተሠራ ንባቡ ሩብ ያህል ይጎድላል። ግን ይህ ስሕተት እሑድን ከዓርብ አይለይም።

ማጣሪያው ተቀየረ፣ የአየር ማፍሰስ ተፈተሸ፣ በከሰል የተጣራ ዜሮ አየር (ኦዞን የሌለበት) ገባ፣ ቀጥሎ 100 ፒፒቢ (ከቢሊዮን መቶ እጅ) ኦዞን ተሰጠው። ዜሮውን ዜሮ፣ መቶውን መቶ አለ።

«ታዲያ መኪና ሲጠፋ ብክለት ይጨምራል ልትሉኝ ነው?»

ሒሳቡ ወረቀት ላይ ተሠራላቸው። ከጭስ ማውጫ ከሚወጣው የናይትሮጅን ኦክሳይድ አብዛኛው ናይትሪክ ኦክሳይድ ነው። ኦዞን ሲያገኝ አንድ ኦክስጅን ይነጥቀውና ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። 30 ፒፒቢ ኦዞን ባለበት አየር 50 ፒፒቢ ናይትሪክ ኦክሳይድ ቢለቀቅ የኦዞኑ ዕድሜ አንድ ደቂቃ ገደማ ነው፤ በስተመጨረሻ 30 ዳይኦክሳይድ፣ 20 የተረፈ ናይትሪክ ኦክሳይድ፣ ኦዞን ባዶ። የሚለቀቀው እንደ እሑዱ 5 ብቻ ከሆነ 25 ኦዞንና 5 ዳይኦክሳይድ። የኦዞኑና የዳይኦክሳይዱ ድምር በሁለቱም ቀን 30 ነው። ፀሐይ ዳይኦክሳይዱን እየሰነጠቀች የተወሰነውን ኦዞን ትመልሳለች፤ ድምሩ ግን በዚህም አይለወጥም። እሑድ ኦዞን አልተፈጠረም፤ የሚበላው ጠፍቶ ነው የተረፈው።

ኃላፊው ወረቀቱን ገልብጠው ዝም አሉ። ቀጥሎ፦

«ቆይ ቆይ፣ ኦዞን ማለት ያ ከፀሐይ የሚጋርደን አይደል እንዴ?»

«ነው፤ ግን የሚጋርደን 20ና 30 ኪሎ ሜትር ላይ ያለው ነው። እዚህ ታች ሲሆን ሳንባ ነው የሚጎዳው።»

«ንጥረ ነገሩ ግን ያው ነው?»

ምን ይባላል? ሦስት ኦክስጅን እዚያም እዚህም ሦስት ኦክስጅን ነው። «ያው ነው።»

ብዕራቸውን አነሡ። ከሰዓት በኋላ የወጣው መግለጫ መኪና አልባው ቀን «የከተማዋን የኦዞን ሽፋን ለማሻሻል» አስተዋጽኦ ማድረጉን ያትታል። ጠዋት የተበላሸ የተባለው መሣሪያ ከሰዓት የመሥሪያ ቤቱ ኩራት ሆነ! ማስተካከያ ተጽፎ ተላከ፤ ከመግለጫው የተቀየረው «የኦዞን ሽፋን» «የኦዞን ሁኔታ» መባሉ ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲህ በሪፖርቱ ኦዞን ብቻውን አይወጣም። ከናይትሮጅን ዳይኦክሳይዱ ጋር ተደምሮ «ጠቅላላ ኦክሲዳንት» ተብሎ በአንድ መስመር ይቀመጣል። ለመንገድ ዳር ጣቢያ ትክክለኛው አቀራረብ ይኸው ነው። በሚቀጥለው መኪና አልባ እሑድ መስመሩ እንደተጠበቀው ብዙም ሳይነቃነቅ ቀጥ ብሎ አለፈ። ኃላፊው በጣታቸው ተከትለውት ሄዱና ቀና አሉ፦

«ምንም ካልተለወጠ መንገዱን ለምን ዘጋነው?»

የጥቀርሻው ግራፍ የነበረው በሚቀጥለው ገጽ ነበር። አልገለጡትም።