ሕፃኑ በራሱ እጅ ሲጎርስ

መንዝ ውስጥ ቆሎ የማይገኝበት ቤት ጥቂት ነው። ስድስት ወር ያለፈው ሕፃን ደግሞ ዓይኑ ከሰው እጅ አይነቀልም፤ ታላቅ እኅቱ ከሰፌዱ ዘግና ስትቆረጥም አብሮ አፉን ያንቀሳቅሳል። ያኔ ነው እንግዲህ «አምሮት እንዳይሆንበት» ተብሎ አንዲት ፍሬ እጁ ላይ የምትቀመጥለት። ልጁ በእጁ ለመብላት መፈለጉ ትክክል ነው፤ ስህተቱ ቆሎው ላይ ነው። ቆሎ ትንሽ ነው፣ ጠንካራ ነው፣ ያለ መንጋጋ ጥርስ አይደቅም። ሲስቅ ወይም ሲያለቅስ ከትንፋሹ ጋር ወደ አየር ቧንቧው ይገባል።

ጥርስ እስኪወጣ መጠበቅ ግን አያስፈልግም። የሕፃን ድድ የበሰለ ድንች በቀላሉ ይፈጫል። መታየት ያለበት ሌላ ነው፦ ስድስት ወር ሞልቷል ወይ? በትንሽ ድጋፍ ተቀምጦ አንገቱን ቀጥ አድርጎ ይይዛል? ያገኘውን ይዞ ወደ አፉ ያደርሳል? ምግብ ሲቀመጥለት በምላሱ ገፍቶ አያወጣም? እነዚህ ከተሟሉ መጀመር ይቻላል። አብዛኞቹ ሕፃናት በስምንት ወር በእጃቸው መብላት ይችላሉ። ዘጠኝና አሥር ወር እስኪያልፍ በቀጭን አጥሚት ብቻ የቆየ ልጅ ኋላ ጓጓላ ያለው ነገር አፉ ሲገባ ሊተፋ፣ ሊያስቸግርም ይችላል። ገንፎውም ጡቱም አይቀርም፤ ጡት እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ይቀጥላል። በእጅ የሚበላው ከጎን የሚጨመር ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው አቆራረጡ ላይ ነው። ሕፃን ነውና ደቅቆ ይቆረጥለት ይባላል፤ ለጀማሪ የሚመቸው ግን ተቃራኒው ነው። ከስድስት እስከ ስምንት ወር ያለ ልጅ ጣቶቹን ለየብቻ አያዝም፣ በመዳፉ ጠቅልሎ ይጨብጣል። በጭብጡ ውስጥ የተደበቀውን ደግሞ መብላት አይችልም። ስለዚህ ቁራጩ የአዋቂ ጣት ያህል ውፍረት፣ 6 ወይም 7 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ይኑረው፤ ግማሹ በእጁ፣ ግማሹ ከላይ ብቅ ይበል። ዘጠኝ ወር ገደማ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ለቅሞ ማንሳት ሲጀምር ነው ሽምብራ ወደሚያህል ቁራጭ የሚኬደው።

ከመጠኑ ይልቅ ልስላሴው ይበልጣል። ቁራጩን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ይዘው ይጫኑት፤ ያለ ብዙ ኃይል ከተደፈጠጠ ለልጁ ድድም ይሆናል። ካልተደፈጠጠ ወደ ድስቱ ይመለስ። ደጋ ላይ ይሄ ሙከራ የግድ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነ ውሃ በ91 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ሸዋ ሮቢት ቆላው ላይ ግን ወደ 96 ይጠጋል። ድስቱ እየተንተከተከ እንኳ ካሮቱ ጥሬ የሚሆነው ለዚህ ነው። እሳት መጨመር ውሃውን ያተናል እንጂ ሙቀቱን ከፍ አያደርገውም፤ የሚጠቅመው ክዳኑን ገጥሞ ጊዜ መጨመር ነው። ቆላ ላይ 12 ደቂቃ የሚበቃው የጣት ያህል ካሮት ደጋ ላይ 20 ደቂቃ ቢወስድ አይግረምዎ። እንቁላልም ውሃው ከፈላ በኋላ 15 ደቂቃ ይቆይ፣ አስኳሉ መሐል ድረስ ይጠንክር።

ለመጀመሪያው ሳምንት ድንች፣ ካሮትና ዱባ ይበቃሉ፤ ያለ ጨው ይቀቀላሉ። ድንች ከመጠን በላይ ከበሰለ በእጁ ይፈርሳል፣ ስለዚህ ሳይከታተፍ ከነልጣጩ ቀቅሎ ኋላ መላጥና መቁረጥ ይሻላል። ሙዝ በቁመቱ በቢላዋ አይቆረጥ፦ ለሁለት ቆርጠው አንዱን ግማሽ ከጫፉ መሐል በጣት ቀስ ብለው ሲጫኑት ራሱ በሦስት ይከፈላል። ከቆላ የሚመጣው ፓፓያና ማንጎ ሲበስል ያዳልጣል፤ ልጁ እየጨበጠ ያመልጠውና ተናዶ ይተወዋል። መፍትሔው ቤት ውስጥ አለ፣ በሶ ነው። ቁራጩን በሶ ላይ በስሱ ማንከባለልና ዱቄቱ እርጥበቱን እስኪጠጣ አንድ ሁለት ደቂቃ ማቆየት። ሳይርስ ከተሰጠ ግን ብናኙ ትን ያስብላል።

ባቄላ እሸት በደረሰ ጊዜ ገለባውን አውልቆ፣ በደንብ ቀቅሎ፣ እያንዳንዱን ፍሬ በማንኪያ ጀርባ ጠፍጠፍ ማድረግ ነው። የምንጃር ሽምብራም እንደዚሁ፤ ሌሊቱን ተዘፍዝፎ ያድር፣ ይቀቀል፣ ገለባው ይውጣ፣ ይደፍጠጥ። ሳይደፈጠጥ ክብ እንደሆነ አይሰጥም፣ ቢለሰልስም እንኳ። ቂንጬ ወፈር አድርገው ሰርተው ሲበርድ በእጅ ጨበጥ ጨበጥ ቢያደርጉት ለያዥ ይመቻል። ትኩስ እንጀራ ለስላሳ ይምሰል እንጂ ላንቃ ላይ ይጣበቃል፤ በትንንሹ ተቆራርጦ በአልጫ ክክ ወጥ ይራስ። የዳቦ ልብም አፍ ውስጥ እንደ ሊጥ ይድቦለቦላል፣ ስለዚህ በምጣድ ሞቅ አድርጎ በቁመቱ መቁረጥ ይሻላል።

ከስድስት ወር በኋላ የእናት ጡት ብቻውን የሚያስፈልገውን ብረት አያሟላም። በዚህ በኩል ድንችና ሙዝ ብዙ አይረዱም፤ ሥጋና ጉበት ይረዳሉ፣ እንቁላል ከነዚህ ያነሰ ቢሆንም ጥሩ ምግብ ነው። የበግ ሥጋ ሳይጎተት እስኪበጣጠስ ድረስ ይቀቀል፣ ወይም ተፈጭቶ እንደ ጣት ተጠቅልሎ ይብሰል። ጉበት በሳምንት አንድ ጊዜ ይብቃ፣ ቫይታሚን ኤ ይበዛበታልና። ሻይ ለሕፃን አይሰጥ፤ ብረቱን ሰውነቱ እንዳይወስድ ያግዳል። እንቁላል መጀመሪያ በጣም ጥቂት ቀምሶ፣ ሁለት ሰዓት ያህል ሽፍታ፣ የከንፈር እብጠት ወይም ትውኪያ አለመኖሩ ይታይ።

ከአንድ ዓመት በፊት ማር በጣትም አይቀመስ፤ በውስጡ ሊኖር የሚችለው ባክቴሪያ በሕፃን አንጀት ውስጥ መርዝ ያመርታል። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ሙሉ ኦቾሎኒ፣ ጥሬ ካሮት፣ ቋንጣና ከረሜላ ለዓመታት ሳይሰጡ የሚቆዩ ናቸው። የልጁ ድርሻ ከወጡ ላይ የሚቀነሰው በርበሬና ጨው ከመግባቱ በፊት ነው።

ምግብ ሊያስመልስ መሞከርና መታነቅ ይለያያሉ። ጀማሪ ሕፃን ምላሱን አውጥቶ፣ ፊቱ ቀልቶ፣ ድምፅ እያሰማ ሊያስመልሰው ይሞክራል። በዚህ ዕድሜ የማስመለስ ስሜቱ የሚቀሰቀሰው ከምላሱ ፊት ለፊት ስለሆነ ይህ መከላከያው ነው፤ ጣት ሳያስገቡ፣ ሳይደነግጡ ይጠብቁት። «እንጥሉ ወርዶ ነው» ተብሎ እንጥል ወደሚቆርጥ ሰው መውሰድ ትልቅ ጥፋት ነው፤ ደም መፍሰስና ኢንፌክሽን ያመጣል እንጂ አበላሉን አያስተካክልም። የሚያስፈራው ዝምታው ነው፦ ማልቀስም ማሳልም አልቻለም፣ ከንፈሩ ጠቆረ። ያኔ ፊቱን ወደ ታች አድርገው ክንድዎ ላይ ያስተኙት፣ ጭንቅላቱ ከሰውነቱ ዝቅ ይበል፣ አገጩን ይደግፉ፣ በመዳፍዎ ግርጌ በትከሻ አጥንቶቹ መካከል 5 ጊዜ ይምቱት። ካልወጣ ገልብጠው ከጡቱ ጫፎች መስመር በታች ደረቱ መሐል ላይ በሁለት ጣት 5 ጊዜ ይጫኑ። እየተፈራረቁ ይቀጥሉ፣ ሌላ ሰው እርዳታ ይጥራ። ዓይን የማያየውን ነገር በጣት መፈለግ ወደ ውስጥ ይገፋዋል፤ ውሃ ማጠጣትም አይረዳም።

አንቀልባ ላይ ያለ ልጅ ዳቦ አይያዝ። ያዘለችው እናት ፊቱን አታየውም፣ ቢታነቅ ድምፅ የለም። ሲበላ ቁጭ ብሎ፣ ቀጥ ብሎ፣ ከሚያየው ሰው ፊት ለፊት ይሁን። ታላላቆቹ ልጆችም አብረው ይነገራቸው፣ ቆሎ የሚያካፍሉት እነሱ ናቸውና።

በጾም ወራት እንቁላልና ሥጋ ከሕፃኑ የሚቀረው አብዛኛውን ጊዜ ዕቃው እንዳይነካካ ተብሎ ነው። ከሰባት ዓመት በታች ያለ ልጅ ጾም የለበትም። ለእሱ ብቻ አንዲት ትንሽ ድስት፣ አንድ ቢላዋና ሳሕን ለይቶ ማስቀመጥ ነገሩን ይጨርሰዋል።

ሲጀመር በቀን አንድ ጊዜ፣ እንቅልፍም ረሃብም ባልጠናበት ሰዓት፣ እጁ በሳሙና ታጥቦ ሁለት ሦስት ቁራጭ ይቀርብለት። ሩብ ሰዓት በቂ ነው። ፊቱን ካዞረ አበቃ፤ አፉን ከፍቶ ማጉረስ አያስፈልግም። መጀመሪያ ላይ አብዛኛው ፊቱና ልብሱ ላይ ይቀራል፣ የወደቀውን ዶሮዎቹ ያነሱታል።