ሱሉልታ ላይ አልወጣ ያለው ፑሊ

ከውጭ የሚመጣ ሰው ሻንጣ ውስጥ ምን እንዳለ ሁሉም ያውቃል። ጫማ፣ ሽቶ፣ ስልክ፣ ቸኮሌት። እኔ ባለፈው ክረምት ከጀርመን ስመጣ ባለ ሦስት እግር ፑለር ይዤ ገባሁ። በሞተር ዘንግ ላይ የተጣበቀን ፑሊ (ቺንጋ የሚባለው ቀበቶ የሚጠለቅበትን ክብ ብረት) ወይም ኩሽኔታ (ዘንጉ ውስጡ የሚሽከረከርበትን ቀለበት) ስቦ የሚያወጣ የብረት መንቀያ ነው።

አክስቴ ሱሉልታ ውስጥ ወፍጮ ቤት አላት። ሞተሩ ተቃጠለና ሌላ ተገኘ። ፑሊው ግን ከአሮጌው ሞተር ላይ አልነቀል አለ። ሌላ ፑሊ ግዙ ማለት ደግሞ ቀላል አይደለም። ወፍጮው በምን ፍጥነት እንደሚዞር የሚወስነው የፑሊው ክብ ከዳር እስከ ዳር ያለው ስፋት ነው። ሞተሩ ላይ ከድሮው ተለቅ ያለ ከተገጠመ ድንጋዩ ከልክ በላይ ይፈጥናል፤ ዱቄቱም ይግላል። በስልክ ያለችኝ አንድ ነገር ነው። «ልጄ፣ ሰው ጤፉን ተሸክሞ መጥቶ ተሸክሞ እየተመለሰ ነው።»

ስደርስ ፑሊው ጠርዙ ላይ ተሸርፎ ነበር። በመዶሻ ሞክረውታል። ፑሊው ጊዛ ነው፣ ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት፤ ጊዛ እንደ ሸክላ ይሰበራል እንጂ አይታጠፍም። ወፍጮውን የሚያስፈጨው ልጅ ጎበዝ ነው፣ እጁ ሥራ ያውቃል። የጎደለው መሣሪያው ነበር።

ጀርመን የምሠራው የሆቴል አንሶላ የሚያጥብ ፋብሪካ ውስጥ፣ በጥገና ክፍል ነው። ሥራ ያስያዘኝ አንድ ቱርካዊ አዛውንት ነበር። ፑሊ አልወጣ ሲል መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ሁሉንም ፈትተሃል?» ብሎ ነው። ብዙ ጊዜ ችግሩ ዝገት ብቻ አይደለም፤ ሳይፈታ የቀረ ቡሎን አለ።

እዚህም እንደዚያው ሆነ። የፑሊው እምብርት ላይ ዱቄትና ግሪስ ተጋግሮ እንደ ቀለም ሆኗል። በሽቦ ብሩሽ ስንፍቀው ትንሽ ቀዳዳ ወጣች። ውስጧ ጭንቅላት የሌለው ቡሎን አለ። በብሩጎላ፣ ባለ ስድስት ጎን ቁልፍ፣ ፈታነው። ልጁ «ጋሼ፣ አሁን ይወጣል!» ብሎ ተነሳ። ቆይ አልኩትና የስልኬን መብራት ወደ ቀዳዳዋ አበራሁ። ከሥር ሌላ ቡሎን ነበር። እንዲህ አንዱ ባንዱ ላይ ተደርቦ የሚታሰር አለ። የላዩን ፈትቶ የታችኛውን ያላየ ሰው ቀኑን ሙሉ ቢቀጠቅጥ አይሆንለትም።

ከዚያ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ነፋንበትና አሳደርነው።

በማግስቱ ፑለሩን ገጠምን። ፑሊው ከእምብርቱ ወደ ጠርዙ የተዘረጉ ክንዶች ስላሉት እግሮቹን በክንዶቹ መሃል አሳልፈን እምብርቱን አስያዝናቸው። ጠርዙን ብናስይዝ ይሰበር ነበር። የመሃል ቡሎኑ ልክ የዘንጉ መሃል ላይ ማረፍ አለበት፤ ትንሽ ቢያዘም እግሮቹ ያመልጣሉ። አጠበቅነው። የፑለሩን ቡሎን ጫፍ በመዶሻ ነካ አደረግነው፣ እንደገና አጠበቅነው። ንቅንቅ የለም።

የቀረው እሳት ነው። ሞተሩን ተሸክመን ደጅ አወጣነው። ይህን አጥብቄ የምናገረው ነው፤ ወፍጮ ቤት ውስጥ እሳት አይለኮስም። አየር ላይ የሚበን ዱቄት ሊፈነዳ ይችላል። ዘይቱን በደንብ ጠረግን። ጎረቤት ያለው ብየዳ ቤት የጋዝ መበየጃውን አመጣልን። በሞተሩ በኩል ያለውን ዘንግ በእርጥብ ጨርቅ ጠቀለልነው፤ ሙቀቱ ኩሽኔታው ውስጥ ያለውን ግሪስ እንዳያቀልጠው። እምብርቱን ዙሪያውን እያዞርን ቶሎ ቶሎ አሞቅነው። ፑሊው ዘንጉ ሳይግል መጋል አለበት። ሁለቱም አብረው ከጋሉ አብረው ይሰፋሉና ጥቅም የለውም።

ጧ! አለ። ፑሊው ጥቂት ተንሸራተተ። ከዚያ በኋላ ፑለሩን ማዞር ብቻ ነበር። ዘንጉ ላይ ቀይ ቡናማ የዝገት ዱቄት ጋግሯል፤ ቺያቬታው፣ ፑሊውና ዘንጉ አብረው እንዲዞሩ መሃላቸው የሚገባው ትንሽ ብረት፣ እቦታው እንዳለ ነው።

አክስቴ ከበሩ ላይ ቆማ ሁሉንም ታይ ነበር። «አንተ፣ እዚያ የምትሠራው ይሄንን ነው?» አለችኝ። ሀገር ቤት ሰው ሲጠይቀኝ ፋብሪካ ነው የምሠራው ብዬ አልፋለሁ። ከዚያ በላይ የጠየቀኝም የለም። «አዎ፣ ይሄንን ነው» ስላት እጄን በዘይቱ እንዳለ ይዛ ሳመችው። ጀርመን በኖርኩበት ዘመን ሁሉ ስለ ሥራዬ እንዲህ የተሰማኝ ቀን የለም።

መልሶ መግጠሙ ብዙ አልፈጀም። የአዲሱን ሞተር ዘንግና የፑሊውን ቀዳዳ በብርጭቆ ወረቀት አጽድተን ስስ ግሪስ ቀባን። በመዶሻ እየመታን አላስገባነውም፤ ምቱ ኩሽኔታውን ይጎዳል። ሁለቱ ፑሊዎች ቀጥ ማለታቸውን በሲባጎ አየን፣ ቺንጋውን አጠለቅን። ከሰዓት በኋላ ጤፍ ይፈጭ ነበር።

ፑለሩን እዚያው ተውኩት። አሁን የአካባቢው ወፍጮ ቤቶች እየተዋሱት ነው። ወደ ሀገር ቤት የምትሄዱና ወፍጮ ቤት፣ ጋራዥ ወይም እንጨት ቤት ያለው ዘመድ ያላችሁ፣ ከአንድ ጫማ ይልቅ ይህን ያዙለት። ከመግዛታችሁ በፊት ደውሉና የፑሊውን ስፋት ከዳር እስከ ዳር በሴንቲሜትር አስለኩ፤ ክንድ ከሌለው እግሮቹ ከዚያ ሰፋ ብለው መከፈት አለባቸው። በእጅ ሻንጣ አትያዙት፣ ፍተሻ ላይ ሊቀር ይችላል። ከሚጫነው ጋር አድርጉት።