የኮናን አንደበትና የዙላ ሹመት

ሲልቨር ስፕሪንግ በሚገኝ አንድ ሕንፃ ውስጥ የሌሊት ጥበቃ ሆኜ ስሠራ፣ ጃማይካዊ ባልደረባ ነበረኝ። ነዋሪው ገብቶ ሲያልቅ የቆዩ የሰይፍና የአስማት ፊልሞችን በስልኩ ይከፍታል። የእነዚህ ፊልሞች ሰይፈኛ ጀግና የሆነውን ኮናንን እኔም ከልጅነቴ አውቀዋለሁ። በሰፈራችን ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተደርድረን ስናየው ግን ከአርኖልድ ሽዋርዘኔገር ጡንቻ በቀር ልብ ያልነው ነገር አልነበረም። አሜሪካ ከገባሁ በኋላ ከዓይኔ ጆሮዬ ቀደመ።

ምክንያት ነበረው። በዚያ ሰሞን አንድ አለቃ «ቅላጼህ ሰው ያደናግራል» ብሎ በመገናኛ ሬዲዮ እንዳልናገር ከልክሎኝ ነበር። እንግዲህ በዚህ ስሜት ነው በ1982 እ.ኤ.አ. የወጣውን «ኮናን ዘ ባርባሪያን» እንደገና ያየሁት። አርኖልድ ኦስትሪያዊ ነው። በ1970 በወጣው የመጀመሪያ ፊልሙ ላይ ድምፁን በሌላ ሰው ድምፅ ተክተውበት ነበር፤ ኮናን ሲሆን ግን ከነቅላጼው በገዛ አንደበቱ ተናገረ። ደግ አደረጉ። ግን የኮናን ጓደኛ ሱቦታይ ሆኖ የተወነው ጄሪ ሎፔዝ፣ ሃዋይ ተወልዶ ያደገው ዝነኛ የባሕር ሞገድ ስፖርተኛ፣ በፊልሙ ውስጥ የሚሰማው በራሱ ድምፅ አይደለም። ሳብ ሺሞኖ የተባለ ተዋናይ ነው የተናገረለት። ከውጭ የመጣው በድምፁ ሲናገር የአገሩ ልጅ ድምፁን ተነጠቀ! መጀመሪያ ሳቅሁ፤ ቆይቶ ግን ተናደድሁ።

ባልደረባዬን የሚያናድደው ሌላ ነው። «ጥቁሩ ለምን ጠንቋይ ይሆናል?» ይላል፣ በዚሁ ፊልም ጠንቋዩን የሚተውነውን ጄምስ ኧርል ጆንስን እያሳየኝ። እኔ በዚህ አልስማማም። ያንን ፊልም ያቆመው የጆንስ ግርማ ነው፤ እርሱ ሲናገር ሌላው ሁሉ ያንሳል። ያን ሉጫ ዊግ ለምን እንደጫኑበት ግን እስከ ዛሬ አልገባኝም።

በ1984 የወጣው ተከታዩ ፊልም እንደ ፊልም ደካማ ነው፤ የሰው ስብጥሩ ግን ሥራ ቦታችንን ይመስላል። የቅርጫት ኳሱ ዊልት ቻምበርሌን፣ ጃማይካ ተወልዳ በልጅነቷ ወደ ኒው ዮርክ ግዛት የመጣችው ግሬስ ጆንስ፣ ጃፓን የተወለደው ማኮ። ማኮ ገና በ1965 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ከጓደኞቹ ጋር ለእስያውያን አሜሪካውያን ተዋንያን የቴአትር ቡድን ያቋቋመ ሰው ነው፤ በፊልሙ ግን አስማተኛው ሽማግሌ ነው።

የቻምበርሌን ቦምባታ የልዕልቲቱ ጠባቂ ነው፤ ኋላ ይከዳል። የግሬስ ጆንስ ዙላ ደግሞ ታስራ ስትሰቃይ ኮናን ይፈታታል፤ እርሷም በታማኝነት ትከተለዋለች። ስለ ወገኖቿ የሚነገረን ጥቂት ነው። በመጨረሻ ልዕልቲቱ ነግሣ ሹመት ስታድል ዙላ የዘበኞች አለቃ ትሆናለች፣ ማኮ አማካሪ፣ የኮናን ጓደኛ የሆነው ሌባ ደግሞ የቤተ መንግሥት አጫዋች። ኮናን ግን አብሯት እንዲነግሥ ይጠየቃል፤ እምቢ ብሎም ይሄዳል።

እዚህ ላይ ሁልጊዜ እንከራከራለን። ባልደረባዬ በአገሩ ልጅ ሹመት ይኮራል። እኔ ግን «ያን ሁሉ ተዋግታ ያገኘችው የእኛን ሥራ ነው፤ ዙፋን የቀረበለት ለአንዱ ብቻ!» እላለሁ።

«አለቃ ናት እኮ» ይለኛል። «ሬዲዮውም በእጇ ነው።»