“ወደ ጎን ዞር ይበሉልኝ”፦ የፊኛ ካንሰር ሌላ መስሎ ሲመጣ

የሽንት ፊኛ ካንሰር በአልትራሳውንድ ምን እንደሚመስል ማንም ተማሪ ያውቃል። በሽንት የተሞላው ፊኛ ጥቁር ሆኖ ይታያል፣ ከግድግዳው ግራጫ ሥጋ ወደ ውስጥ ወጥቷል፣ ዶፕለር (የሚፈሰውን ደም በቀለም የሚያሳየው የማሽኑ ክፍል) ሲከፈት ሥሩ ላይ ደም ይዘዋወራል። እንዲህ ሆኖ ከመጣ አያታግልም። የሚያታግለው ጠጠር መስሎ፣ የረጋ ደም መስሎ ወይም ጭራሽ ከፊኛው ውጭ ያለ ነገር መስሎ የሚመጣው ነው። እኔ ጎጃም ውስጥ የምሠራው ሲቲ ስካን ለማንሳት ታካሚው ከተማ መቀየር ባለበት ቦታ ነው፤ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ምስል የኔው አልትራሳውንድ ይሆናል። ስለዚህ ፊኛ ውስጥ ላየሁት ነገር ስም ከማውጣቴ በፊት አንቀሳቅሰዋለሁ። ውሃ አስጨምሬ፣ ታካሚውን አገላብጬ፣ አሸንቼ እንደገና አየዋለሁ።

ሥራው ከውሃ ይጀምራል። እኛ ጋ “አልትራሳውንድ” ሲባል ሰው ባዶ ሆዱን መምጣት እንዳለበት ያውቃል። ለሐሞት ከረጢት ልክ ነው፤ ለፊኛ ግን ውሃ ሳይጠጡ መምጣት ጣጣ ነው። ባዶ ፊኛ ግድግዳው ስለሚጨማደድ የታመመ ይመስላል። ሲሞላ እስከ 3 ሚሊ ሜትር የሚሆነው ጤነኛ ግድግዳ ባዶ ሲሆን እስከ 5 ሚሊ ሜትር ይደርሳል፣ በእጥፋቱ መካከል ደግሞ ትንሽ ዕጢ ተደብቆ ያልፋል። በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጠብታ ውሃ የማይቀምሱ አዛውንቶች ይመጣሉ። ጾም ይፍቱ ብዬ አልሟገትም፤ ቀጠሮውን ከቅዳሴ በኋላ ወደ አሥር ሰዓት አዞረዋለሁ። በተቃራኒው ጸበል ቦታ ሰንብተው ጸበሉን በሃይላንድ ይዘው የሚመጡ አሉ፤ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጠው ይጠጡታል። እንደነሱ በደንብ የተሞላ ፊኛ አላየሁም።

ከሰከላ በኩል የመጡ አንድ ገበሬ የሪፈር ወረቀታቸው “የፊኛ ጠጠር” ይል ነበር። ፕሮቡን (ሆድ ላይ የሚያርፈውን የአልትራሳውንድ እጀታ) ሳሳርፈው በእርግጥም ነጭ መስመርና ከኋላው ጥቁር ጥላ አለ። እዚህ ላይ እጅ ለመጻፍ ይቸኩላል።

“አባቴ፣ ወደ ግራ ጎንዎ ዞር ይበሉልኝ።”

“እንዲያው ጠጠሩን አውጡልኝ እንጂ ልጄ፣ ማገላበጡስ ለምን አስፈለገ?”

“ይንከባለል እንደሆነ ልየው ብዬ ነው።”

አልተንከባለለም። ፊኛ ውስጥ ያለ ጠጠር ሰውየው ሲዞር ወደ ታችኛው ጎን ይወርዳል፤ ይሄ ግን በቀኝ በኩል፣ ከኩላሊት የሚወርደው ቱቦ ወደ ፊኛ በሚገባበት አካባቢ እንደተለጠፈ ቀረ። ጠጋ ብዬ ሳየው ነጩ መስመር ስስና የተቆራረጠ ነው፣ በክፍተቶቹ መካከል ግራጫ ሥጋ ይታያል፣ ከሥሩ ያለው ግድግዳም ወፍሯል። ዶፕለር ስከፍት ቀለም በቀለም ሆነ። እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ ካልሲየም ያለበት ነገር ብዙ ጊዜ ደም ሳይኖረው ዶፕለር ላይ በቀይና በሰማያዊ ይብለጨለጫል። የደም ዝውውር መሆኑን የሚለየው የሞገዱ ቅርጽ ነው፦ እውነተኛ ደም ከልብ ምት ጋር ከፍ ዝቅ የሚል ሞገድ ያወጣል፣ የካልሲየሙ ብልጭታ ግን ቅርጽ የሌለው ጫጫታ ብቻ ነው። ነጩ መስመር ላይ ጫጫታ አገኘሁ፣ ከሥሩ ካለው ሥጋ ላይ ግን ሞገድ። ቀኝ ኩላሊታቸውም አብጦ ነበር። በላዩ ላይ ካልሲየም የተጋገረበት ዕጢ ነበር፤ ናሙናውም ካንሰር መሆኑን አረጋገጠ።

እንዲህ ያለው ነገር ብዙ አይደለም፤ ቢሆንም ዕጢው ላይ የሞተና የቆሰለ ሥጋ ሲኖር ከሽንት የሚወርደው ማዕድን ይጋገርበታል። ደግሞ ጠጠሩ ተንከባለለ ብሎ መገላገልም የለም። ለዓመታት የተቀመጠ ጠጠር ወይም ካቴተር (ሽንት ለማውጣት የሚገባ ቱቦ) ግድግዳውን እያቆሰለ ስኳመስ የሚባለውን የካንሰር ዓይነት ሊያስከትል ይችላል። ስለዚህ ጠጠሩ ከቦታው ሲንከባለል ተኝቶበት የነበረውን ቦታም አያለሁ።

ካቴተር ይዘው የሚመጡት ሌላ ፈተና ናቸው። ፊኛው ባዶ ነው፣ በዚያ ላይ አብሮ የገባ አየር ወደ ላይ ተንሳፍፎ ያብረቀርቃል። ካቴተሩን ዘግቼ ፊኛውን በሳላይን (በጨው ውሃ) አስሞላዋለሁ። የረጋ ደም ከሆነ ብዙ ጊዜ ሲያገላብጡት ይንቀሳቀሳል፤ ካልተንቀሳቀሰ ፊኛው ታጥቦ በማግስቱ ይደገማል። ዶፕለር ላይ ደም አልታየም ማለት ዕጢ የለም ማለት አይደለም፤ የፍጥነት ስኬሉን ዝቅ ማድረግና ፕሮቡን ሆድ ላይ አለመጫን ይረዳል።

በጣም የምጠነቀቅለት ግን ዳይቨርቲኩለም ነው። ፕሮስቴታቸው አድጎ ለዓመታት አምጠው የሚሸኑ አባቶች ላይ የፊኛው ውስጠኛ ሽፋን በጡንቻው መካከል ወደ ውጭ ይወጣና አንገተ ቀጭን ቅል የመሰለ ከረጢት ይሠራል። ሽንት እዚያ ውስጥ ይተኛል። ካንሰር እዚያ ውስጥ ሲበቅል ከፊኛው ጎን የተቀመጠ የውሃ ከረጢት ወይም ሌላ ዕጢ መስሎ ይታያል፤ ሲስቶስኮፒ (ፊኛን በካሜራ ከውስጥ ማየት) የሚሠራው ሐኪምም አንገቱ ከጠበበ መሣሪያውን ማስገባት ሊያቅተው ይችላል። እኔ የምለየው በማሸናት ነው። ታካሚው ሸንቶ ሲመለስ ፊኛው ይኮማተራል፣ ከረጢቱ ግን እንዳለ ይቀራል፣ አንዳንዴም ያድጋል፤ የሚጨምቀው ጡንቻ የለውማ። ከዚያ ዶፕለሩን ከፍቼ ሆዱን ቀስ አድርጌ ጫን ስለው ሽንቱ በአንገቱ በኩል ሲፈስ በቀለም ይታያል። አንገቱ የት እንዳለ፣ ወደ ፊኛ ከሚገባው የኩላሊት ቱቦ ምን ያህል እንደሚርቅ ሪፖርቱ ላይ አሰፍራለሁ።

ይህን ሁሉ የምለፋበት ምክንያት አለ። የፊኛ ካንሰር ደረጃ የሚወሰነው ጡንቻው ጋ ደርሷል ወይስ አልደረሰም በሚለው ነው። ዳይቨርቲኩለም ጡንቻ ስለሌለው እዚያ ውስጥ ቲ 2 የሚባለው፣ ካንሰሩ ጡንቻ ውስጥ የገባበት ደረጃ የለም፤ ከሽፋኑ አልፎ ከወጣ በቀጥታ ስብ ውስጥ ነው፣ ማለትም ከቲ 1 ወደ ቲ 3።

ሌላው የሚያመልጠው ከላይ፣ በፊኛው ጣሪያ ላይ ያለው ነው። አንዲት ከቡሬ የመጡ እናት ደም ሸንተው አያውቁም። “ሽንቴ ላይ ንፍጥ የመሰለ ነገር እየወጣ አስቸገረኝ እንጂ ሌላ የለኝም” አሉ። ለኢንፌክሽን ተደጋጋሚ መድኃኒት ወስደዋል። ፅንስ ሳለን ፊኛን ከእምብርት ጋር የሚያገናኝ ዩራከስ የሚባል ቱቦ አለ፤ ስንወለድ ተዘግቶ ጅማት ሆኖ ይቀራል። ከሱ የሚነሳው ካንሰር ከፊኛ ካንሰሮች 1 በመቶ እንኳ አይሞላም፣ በአብዛኛው ንፍጥ የሚያመነጭ፣ አዴኖካርሲኖማ የሚባል የካንሰር ዓይነት ነው። የሚያድገው በአብዛኛው ከግድግዳው ውጭ ወደ እምብርት ስለሆነ የፊኛው ውስጥ ሰላም ሊመስል ይችላል። በዚያ ላይ ለሆድ የሚያገለግለው ፕሮብ ቅርብ ያለውን ግድግዳ በነጭ ጉም ይሸፍነዋል፤ ጣሪያውና የፊቱ ግድግዳ ደግሞ እዚያው ጉም ውስጥ ናቸው። መፍትሔው ለታይሮይድና ለጡት የምንጠቀምበትን ሊኒየር ፕሮብ አንስቶ ከእምብርት እስከ ፊኛ መሐል ለመሐል መውረድ ነው። እኒህ እናት ላይ ቆዳው ሥር በመሐለኛው መስመር ላይ ካልሲየም ያለበት እብጠት ተገኘ። ለቀዶ ሐኪሙ ይሄ ትልቅ ልዩነት አለው፤ ሲመች ሙሉው ፊኛ ሳይሆን ጣሪያው ከዩራከሱና ከእምብርቱ ጋር አንድ ላይ ነው የሚወጣው።

ስለ ቢልሃርዚያ ደጋግመው ይጠይቁኛል፤ ጣና ዳር ላደገ ሰው ጥያቄው ተገቢ ነው። ጣና አካባቢና በጎጃም ወንዞች የምናውቀው ማንሶኒ የሚባለው የቢልሃርዚያ ዓይነት አንጀትና ጉበት ላይ ነው የሚያርፈው። ፊኛን የሚያጠቃው ሄማቶቢየም በአገራችን የሚታወቀው በቆላው ነው፦ በአዋሽ ሸለቆና በሱዳን ድንበር ኩርሙክ አካባቢ። ስለዚህ ደም የሚሸናን ወጣት “የት አገር ሠርተህ ታውቃለህ?” እለዋለሁ፤ ከጎጃም ወደ ቤኒሻንጉል ለሥራ የሚወርደው ብዙ ነው። በቆየ ቢልሃርዚያ የፊኛው ግድግዳ በኤክስሬይ ላይ ዙሪያውን ነጭ መስመር ሆኖ ይታያል። መስመሩ አንድ ቦታ ላይ ከተቋረጠ ወይም ቀደም ሲል የነበረው ከጠፋ፣ ዕጢ በልቶት እንዳይሆን እዚያ ቦታ ላይ እቆያለሁ።

ግድግዳው ዙሪያውን ወፍሮ ምንም እብጠት የሌለበትም አለ። ፕሮስቴት ካስጨነቀው ውፍረቱ ወጥ ይሆናል፤ አንዱ ጎን ብቻ ከደነደነ ወይም ፊኛው ውሃ አልቀበል ካለ “ሳይስታይተስ” (የፊኛ ብግነት) ብዬ አላልፍም። ኩላሊት ማየትም አይረሳ፤ ዕጢ ባለበት በኩል ኩላሊት ካበጠ ካንሰሩ ጡንቻ ውስጥ ሳይገባ አይቀርም ብዬ እጠረጥራለሁ።

ታካሚው ብዙ ጊዜ “አሁንማ ደሙ ቆሟል” ይላል። ጸበሉ አቆመው፣ መርፌው አቆመው ይባላል። የፊኛ ካንሰር ደም በራሱ ጊዜ ይቆማል፣ በራሱ ጊዜ ይመለሳል። ሕመም የሌለው ደም ከሆነ፣ በተለይ ሲጋራ የሚያጨሱ ከሆነ፣ ቢቆምም ፊኛውን አያለሁ።

ሪፖርት ላይ “ጠጠር” የሚል አንድ ቃል ጽፌ አልዘጋም። የጻፍኩት ቃል ከጤና ጣቢያ እስከ ሪፈራል ሆስፒታል አብሮ ይሄዳል፣ ማንም እንደገና አይከፍተውም። “በቀኝ ግድግዳ ላይ ካልሲየም ያለበት፣ ሲያገላብጡት የማይንቀሳቀስ እብጠት፣ ከሥሩ የደም ዝውውር አለው፣ ቀኝ ኩላሊት አብጧል፤ ሲስቶስኮፒና ናሙና ያስፈልጋል” ብዬ እጽፋለሁ። ረጅም ነው ብለው የሚያጉረመርሙ አሉ፤ ያጉረምርሙ።

ለሲቲ ወይም ለኤምአርአይ ከላክኋቸው ደግሞ ዕጢው ከመፋቁ በፊት ምስሉ እንዲነሳ እለምናለሁ። ዕጢው በሲስቶስኮፒ ከተፋቀ በኋላ ግድግዳው ያብጣል፣ ቁስሉም ካንሰር ይመስላል። ከ 2018 ጀምሮ ቪራድስ የሚባለው የኤምአርአይ አነባበብ ዕጢው ጡንቻ ውስጥ መግባቱን ከ 1 እስከ 5 ነጥብ ሰጥቶ ይገምታል፤ እሱም ቢሆን ይበልጥ የሚታመነው ግድግዳው ሳይነካ ሲነሳ ነው። ዓባይን ተሻግሮ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሄድ ሰው ቅደም ተከተሉ ተዛብቶበት ሁለተኛ ጊዜ እንዳይመለስ፣ አብሮት ለመጣው ልጁ “መጀመሪያ ምስሉ፣ ቀጥሎ መፋቁ፤ ወረቀቱን ብቻ ሳይሆን ሲዲውንም ያዝ” ብዬ በሪፈሩ ጀርባ ላይ እጽፍለታለሁ።